«ስጦታ ልንቀበል ገብተን ታይምሼር ገዝተን ወጣን»

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተነጋግረው የመጡ ነው የሚመስሉት። አምስቱ ስለ ታይምሼር ናቸው። ጭራሽ ሰምቶት ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር፦ አንዱን የሪዞርት ክፍል ብዙ ሰው ተካፍሎ ይገዛዋል፣ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ሳምንት ይደርሰዋል። አሁን አሁን በሳምንት ፋንታ ነጥብ የሚሸጡ በዝተዋል፤ ነጥቡን ይዘው ክፍል ያስይዛሉ ማለት ነው። ወደ ደብዳቤዎቹ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ለእረፍት ሄደን ያረፍንበት ሪዞርት በር ላይ አንዲት ልጅ ጠራችንና «90 ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ካዳመጣችሁ የ200 ዶላር የስጦታ ካርድ አላችሁ» አለችን። ምን ቸገረን ብለን ገባን። 90 ደቂቃው አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ስንወጣ ታይምሼር ገዝተናል። ዋጋው 24,000 ዶላር ነው። 2,400ውን በካርድ ከፈልን፣ ቀሪው በ15 በመቶ ወለድ የ10 ዓመት ብድር ነው። በዚያ ላይ የጥገና የሚሉት በዓመት 1,200 ዶላር አለ። ባለቤቴ «በየዓመቱ ለሆቴል ከምንገፈግፍ የራሳችን ቢኖረን ይሻላል፣ ለልጆችም ይቀራል» ይላል። እኔ ግን ከፈረምንባት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። እውነት ያዋጣል ወይስ ተሸውደናል? *(እንቅልፍ ያጣሁት)*

መልስ፦ እህቴ፣ ለእርስዎ መጽሔቱ እስኪታተም አልጠበቅኩም፣ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት ነው የመለስኩት። እዚህ የማወጣው ለሌላው አንባቢ ብዬ ነው። ምክንያቱም ከጻፉት ሁሉ ትልቁ ቃል «ሦስተኛ ቀን» የሚለው ነው። ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ይቆየን፣ ቀኑ ግን አይቆይም።

በብዙ አገር ታይምሼር የገዛ ሰው ያለ ምንም ምክንያት ሐሳቡን ቀይሮ ውሉን የሚሰርዝበት ጥቂት ቀን በሕግ ተሰጥቶታል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14 ቀን ነው፣ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሻጩ ቅድሚያ ክፍያ መቀበልም አይፈቀድለትም። አሜሪካ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ፍሎሪዳ 10 ቀን፣ ካሊፎርኒያ 7፣ ኔቫዳ 5። ሜክሲኮ 5 የሥራ ቀን ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታየው እርስዎ የሚኖሩበት ቦታ ሕግ ሳይሆን ንብረቱ ያለበት ወይም የፈረሙበት ቦታ ሕግ ነው። ይቺ ቀን ካለፈች በኋላ ያው ውል ሌላ ነገር ይሆናል፣ ለመውጣት ዓመታት የሚለፉ ሰዎች አሉ።

ስለዚህ ያንን የወረቀት ክምር ያውጡትና ስለ መሰረዝ የሚናገረውን ገጽ ፈልጉ። ፊት ለፊት አያገኙትም፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ በደቃቅ ጽሑፍ ይሆናል። አድራሻውና የሚላክበት መንገድ እዚያው ተጽፏል። እንደተጻፈው አድርጉ፦ የሁለታችሁም ስም፣ የውሉ ቁጥር፣ የፈረማችሁበት ቀን፣ «ውሉን ሰርዘናል» የሚል አንድ አረፍተ ነገር፣ የሁለታችሁም ፊርማ። ምክንያት አይጻፉ፣ ይቅርታም አይጠይቁ። በሪኮማንዴ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ለሻጩ ግን አይደውሉለት! «አይዞሽ፣ ሰኞ ቢሮ ነይና እናስተካክላለን» ይላል፣ ሰኞ ሲደርስ ቀኑ አልፏል። በስልክ ሰረዝኩ ያለ ሰው አልሰረዘም።

ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብለው ሒሳቡን ይሥሩት። እኔ በላኩልኝ ቁጥር ሠርቼዋለሁ። ብድሩ 21,600 ዶላር ነው። በ15 በመቶ ለ10 ዓመት የወር ክፍያው 348 ዶላር ከ48 ሳንቲም ይመጣል። ሲጠቃለል 41,800 ዶላር ገደማ ይከፍላሉ፣ ማለትም ወለዱ ብቻ ከ20,000 ይበልጣል። የጥገናው ክፍያ ደግሞ ባለበት አይቆምም። በዓመት 5 በመቶ ብቻ ይጨምራል እንበል፤ በ20ኛው ዓመት 1,200 የነበረው ከ3,000 ዶላር በላይ ሆኗል፣ የ20 ዓመቱ ድምር ደግሞ 39,700 አካባቢ ነው። ቅድሚያውን፣ ብድሩንና ጥገናውን አንድ ላይ ሲደምሩ ወደ 84,000 ዶላር ይጠጋል። ለሃያ ሳምንት እረፍት! አንዱ ሳምንት 4,200፣ አንዱ ሌሊት 600 ዶላር መሆኑ ነው። ጥሬ ገንዘብ ቆጥራችሁ ብትገዙ እንኳ ሌሊቱ ወደ 455 ዶላር ይመጣል። የአውሮፕላን ቲኬት አልገባበትም። አሁን ያንኑ ሪዞርት፣ ያንኑ ሳምንት ኢንተርኔት ላይ ገብተው በስንት እንደሚያከራይ ይዩት። መልሱን ራሱ ይነግራችኋል።

ባለቤትዎን ግን አይውቀሱት። እኔም አንዴ ገብቻለሁ፣ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሻጩ ነጭ ወረቀትና ወፍራም እስክሪብቶ ይዞ መጣ። «ለእረፍት በዓመት ለሆቴል ስንት ያወጣሉ?» አለኝ። 2,500 አልኩ። በ30 ዓመት አባዛው፣ 75,000 ብሎ ጻፈና አከበበው። እንደገና አከበበው። «ይሄንን ነው የሚጥሉት» አለኝ። ጥገናውን ጥግ ላይ በትንሹ ጽፎታል፣ አላባዛውም። «እሱንም በ30 አባዛልኝ እስቲ» ስለው ሳቀና አለቃውን ሊጠራ ሄደ። አለቃው መጣ፣ 28,000 የነበረው 19,000 ሆነ። አሁንም አመነታሁ፣ ሌላ ሰውዬ መጣ፣ 12,000 ሆነ። «ለዛሬ ብቻ ነው» ይሉኛል። ከጎናችን ያሉ ባልና ሚስት ሲፈርሙ አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለደቂቃ ያህል የቀረብኝ ነገር ያለ መሰለኝ። በመጨረሻ «ወረቀቱን ልውሰደውና ቤቴ ሄጄ ላስብበት» አልኩ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ነገ የማይሠራ ዋጋ ካለ ዛሬም ዋጋ አይደለም። የሚያዋጣ ነገር የሚሸጥ ሰው ደግሞ ወረቀቱን ወደ ቤት እንዲወስዱት ይለምንዎታል እንጂ ኪሱ አይከተውም።

«የራሳችን ይሁን» የምትለዋ ነገር አዲስ አይደለችም። ታይምሼር በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲጀመር፣ በፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች ያለ አንድ የበረዶ ሸርተቴ ሪዞርት ደንበኞቹን ሆቴሉን ከመከራየት መግዛት ይረክሳችኋል እያለ ነበር የሚጠራቸው። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ አሁንም ትሸጣለች። «ለልጆችም ይቀራል» የምትለው ደግሞ ትክክል ናት፣ ዕዳውም አብሮ ሊቀር መቻሉ ነው እንጂ። እሱን ከታች ካለው ደብዳቤ ጋር እናየዋለን።

ጥያቄ፦ የዛሬ ስድስት ዓመት ስገዛ «ዋጋው ይጨምራል፣ ካልፈለጉት አትርፈው ይሸጡታል» ተብዬ ነበር። 22,000 ዶላር ከፍያለሁ፣ ብድሩን ጨርሻለሁ። አሁን ልሸጥ ብል በ3,000 እንኳ የሚጠይቀኝ ጠፋ። ምን አጠፋሁ? *(ገዢ ያጣሁ)*

መልስ፦ ያጠፉት ነገር ቢኖር ማመንዎ ነው። ታይምሼር ቤት ቢመስልም እንደ ቤት ዋጋ አያወጣም። ከከፈሉት 22,000 ውስጥ ቀላል የማይባለው ለስጦታ ካርዱ፣ ለማስታወቂያው፣ ለሻጩና ለአለቃው ኮሚሽን የሄደ ነው፤ ከዚያ በር ሲወጡ ያ ገንዘብ እዚያው ቀርቷል። ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ገብተው ቢያዩ በ1 ዶላር የሚሸጡ ሳምንታት ያገኛሉ። ቀልድ አይደለም። ሰውየው ዶላሯን ፈልጎ ሳይሆን የሚቀጥለው ዓመት የጥገና ክፍያ ሌላ ሰው ላይ እንዲወድቅለት ነው። የስም ማዛወሪያውን ራሱ ከፍሎ የሚሰጥም አለ።

የእርስዎ ጥሩ ነገር ብድር የለብዎትም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ራሱ ወደ ኩባንያው ይደውሉና «መልሳችሁ የምትወስዱበት አሠራር አላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ አሠራር አላቸው፣ ማስታወቂያ ግን አይነግሩበትም። ብድር ያለቀለትና ጥገናው ያልተወዘፈ ይሁን ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ክፍያ ይጠይቃሉ። ገንዘብ አይመልሱልዎትም። የወደፊቱን ክፍያ ግን ያቆሙልዎታል፣ እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ስልኩን ያነሳው የሽያጭ ሠራተኛ ከሆነና «ነጥብ ጨምረው ቢያሻሽሉትስ» ካለዎት አመስግነው ዘግተው እንደገና ይደውሉ።

እስከዚያው መክፈሉን አያቁሙ። ዝም ብሎ ማቆም የሚባለው ነገር ዕዳ ሰብሳቢ ያስልካል፣ የብድር ታሪክ ያበላሻል፣ ፍርድ ቤትም ሊያደርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ደውሎ «ታይምሼርህን በ31,000 ዶላር የሚገዛ ድርጅት አግኝተናል» አለኝ። የምኖርበትን፣ የክፍሉን ቁጥር፣ ሁሉን ያውቃል። ግብሩን 2,800 አስቀድመህ ላክ ነው የሚለኝ። ልላክ? *(የቸኮልኩ)*

መልስ፦ አይላኩ። አንድ ሳንቲም አይላኩ።

መረጃዎን ማወቁ ምንም አያረጋግጥም፣ የባለቤቶች ስም ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። ከላይ ያለውን ደብዳቤ ያንብቡት፦ በ3,000 የሚጠይቅ የጠፋለት ነገር እርስዎ ጋ ሲደርስ 31,000 የሆነው ለምንድነው? የአሜሪካ ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ማስጠንቀቂያ በሜክሲኮ ታይምሼር ሰበብ ብቻ ከ2019 እስከ 2023 ባለው ጊዜ 6,000 የሚሆኑ አሜሪካውያን ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር መበላታቸውን ተናግረዋል። ከጀርባው የዕፅ ነጋዴ ወንበዴዎች ጭምር አሉበት። አካሄዱ አንድ ዓይነት ነው፦ መጀመሪያ ግብር ይላል፣ ከዚያ የዝውውር ክፍያ፣ ከዚያ ገንዘቡ ጉምሩክ ተይዟል ይላል። ከከፈሉ በኋላ ደግሞ «ጠበቃ ነኝ፣ የተበሉትን አስመልስልዎታለሁ» የሚል ሌላ ሰው ይደውላል። እሱም ያው ነው።

«ከውሉ እናወጣዎታለን» የሚሉትንም እዚሁ ላይ ልጨምር። ከነሱ መሀል ሥራቸውን የሚሠሩ የሉም አልልም። ግን ብዙ ሺህ ዶላር ቀድሞ ተቀብሎ አንድ ደብዳቤ ጽፎ የሚጠፋ ሞልቷል። ገንዘቡን የሚፈልገው ሥራው ካለቀ በኋላ ከሆነ ያነጋግሩት። አስቀድሞ ከሆነ ይለፉት።

ጥያቄ፦ አባታችን አረፈ። ሪዞርቱ ደግሞ በስሙ ያለውን የታይምሼር የዚህን ዓመት ክፍያ ክፈሉ ብሎ ለእኔና ለወንድሜ ላከብን። ልጆቹ ስለሆንን መውረስ ግዴታችን ነው? *(ሁለቱ ወንድማማቾች)*

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ግዴታችሁ ነው ብላችሁ ፈጥናችሁ አትክፈሉ። ውርስ ስጦታ ነው፣ ስጦታ ደግሞ አልፈልግም ማለት ይቻላል። ችግሩ «አልፈልግም» የሚባለው በአፍ አይደለም፣ በጽሑፍና በጊዜው ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ግብር ሕግ ለምሳሌ ጊዜው ከሞተበት ቀን ጀምሮ 9 ወር ነው፣ የየግዛቱ ሥርዓት ደግሞ ለብቻው አለ። ይቺን ነገር ስለ ውርስ የሚያውቅ ጠበቃ ቢይዝላችሁ ይሻላል፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ዋናው ጥንቃቄ ይሄ ነው፦ ውሳኔ ላይ ሳትደርሱ በዚያ ሳምንት ሄዳችሁ አትረፉ፣ ከራሳችሁ ኪስም አትክፈሉ። የተጠቀመበት ሰው ተቀበለ ይባላል። አንዳችሁ «ለአባዬ መታሰቢያ አንዴ እንሂድበት» ልትሉ ትችላላችሁ፣ ይገባኛል፣ ግን አትሂዱ። በክፍያ ጥያቄው ላይ መልስ መስጠት ያለበት የአባታችሁን ንብረት የሚያጣራው ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ። አባታችሁ በሕይወት እያለ የእናንተን ስም ውሉ ላይ አስገብቶ ከነበረ ነገሩ ውርስ አይደለም፣ ያን ጊዜ እናንተም ባለቤቶች ናችሁ። ወላጆች «ለልጆቼ እንዲቀር» ብለው ይህን ያደርጋሉ። በቅን ልብ ነው።

እግረ መንገዴን ስፔን ውስጥ ለገዙ፦ እ.ኤ.አ. በ1998ቱ ሕግ መሠረት የታይምሼር ውል ከ50 ዓመት ማለፍ አይችልም። ማብቂያ የሌለው ውል ከሕጉ በኋላ የተሸጠላቸው ሰዎች ከስሰው የረቱበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ውል የያዘ ካለ የዚያ አገር ጠበቃ ያናግር።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ታይምሼርን ሲያጥላሉ አያለሁ። እኛ 14 ዓመት ይዘነዋል፣ በየዓመቱ ልጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን፣ ሁለት መኝታ ቤት ከነማዕድ ቤቱ፣ አንድም ቀን አልተጸጸትንም። ለምን ለእኛ ዓይነቱ ሰው አይጽፉም? *(ደስተኛው ባለቤት)*

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ ተሸንፌያለሁ። ግን ደብዳቤዎ ሁለተኛ ገጽ ላይ የጻፉትን ሳላወጣ አላልፍም፦ ከኩባንያው ሳይሆን ሊገላገለው ከፈለገ ባለቤት እጅ በ1,500 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ነው የገዙት። ያ ነው ሚስጥሩ። እርስዎ በ1,500 የያዙትን ያንኑ ሳምንት አዳራሽ የገባው ሰው በ24,000 ገዝቶታል፣ ዋና ገንዳው አንድ ነው፣ አልጋውም አንድ ነው።

ታይምሼር የሚሆነው ሰው አለ። ቤተሰቡ ትልቅ የሆነ፣ ሁለት የሆቴል ክፍል ከመያዝ አንድ ሰፊ ቤት የሚረክሰው፣ ትምህርት ሲዘጋ ብቻ መሄድ የሚችልና ቀኑን ከዓመት በፊት የሚያውቅ፣ አንድ ቦታ መመላለስ የማይሰለቸው። በአጭሩ እንደ እርስዎ ያለ ሰው። በየዓመቱ አዲስ አገር ማየት የሚፈልገው ግን «ሳምንትዎ በሌላ ሪዞርት ሳምንት ይቀየራል» ተብሎ ባይገባ ይሻለዋል። መቀየሪያው አለ፤ አርሲአይ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ይህንኑ ይሠራል። ግን የአባልነት ክፍያ አለው፣ ለእያንዳንዱ ቅያሪም ክፍያ አለው፣ ጥሩ ቦታ በጥሩ ወቅት ለማግኘት ደግሞ እጅዎ ላይ ሌላው የሚፈልገው ሳምንት ሊኖር ይገባል። ዝናብ ወር ላይ ያለ ሳምንት ይዞ የበዓል ሳምንት የሚፈልግ ሰው ወረፋ ላይ ነው የሚኖረው።

ከባለቤት ልግዛ ለሚል አንባቢ ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንድ ኩባንያ ከሁለተኛ እጅ ለገዛ ሰው ጥቅማ ጥቅሙን ይቀንስበታል፤ ለምሳሌ ዲዝኒ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ከግለሰብ የተገዛ ነጥብ አዳዲስ ሪዞርቶቹ ላይ እንዳይሠራ ገድቧል። በሌላ በኩል የዲዝኒ ውል ማብቂያ ዓመት ያለው ነው፣ የመጀመሪያው ሪዞርታቸው ውል ካልተራዘመ እ.ኤ.አ. በ2042 ያልቃል፣ ይሄ ብዙዎቹ የሌላቸው ነገር ነው። ሁለተኛው፣ ከመግዛትዎ በፊት ያለፉትን አምስት ዓመታት የጥገና ክፍያ በጽሑፍ ይጠይቁ። በየዓመቱ ስንት እንደጨመረ ያያሉ። ማዕበል መታው፣ ጣሪያው ይቀየር ተብሎ ልዩ መዋጮ ተጥሎ እንደሆነም ይጠይቁ። «ዝርዝሩ አሁን የለኝም» ካሉዎት እስኪኖራቸው ይጠብቁ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አንድ ዓመት ተከራይቶ ማየት ይቻላል። ብዙ ባለቤቶች መሄድ ያልቻሉበትን ሳምንት የጥገናውን ክፍያ ያህል ካገኙበት ደስ ብሏቸው ያከራዩታል። ያው ክፍል፣ ያው ማዕድ ቤት፣ ፊርማ ብቻ የለውም።

እርስዎም የማይሄዱበት ዓመት ካጋጠመዎት ለዝግጅት ክፍላችን ይጻፉልኝ። እኔ ራሴ እከራይዎታለሁ።